ከንክኪ ነፃ የሆነው ተራራ

እኛ ቤት የነበረችው ላም የእኛ አልነበረችም። ባለቤቷ ጉኑኖ ከተማ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። እኛ የያዝናት በሃራ ነው። በወላይታ ሃራ የሚባለው ላም ያለው ሰው ላም ለሌለው ቤት ሰጥቶ የሚያረባበት መንገድ ነው። ላሟ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፤ ጥጃ ስትወልድም የባለቤቷ ነው። ወተቱና እበቱ ግን ለሚያበላት ቤት ነው። ሰው ሃራ ሲባል ወተቱን ያስባል። እናቴ የምታስበው እበቱን ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ ደህና መሬት ብለን የምንጠራው ከቤቱ ጀርባ ያለውን የእንሰት ጓሮ ብቻ ነበር። እንሰት እበት ይፈልጋል። እበት ያላገኘ እንሰት ወዲያው አይሞትም፤ ግን ግንዱ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ተቆርጦ ሲፋቅም እጅ ላይ የሚቀረው ቃጫው እንጂ ቆጮው አይደለም። በልግ ቀርቶ በቆሎው ሲጠፋ፣ ስኳር ድንቹም ሲደርቅ፣ ሰው ክፉውን ወር የሚያልፈው በእንሰት ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ላሟ ያደረችበትን ጥግ ጠርጌ፣ እበቱን በእጄ አንሥቼ፣ በቅርጫት ወደ ጓሮ እወስድ ነበር። ብርድ ባለበት ጠዋት ሙቀቱ ለእጅ ደስ ይላል። እናቴ ከየትኛው ሥር እንደማደርገው በጣቷ ታሳየኛለች። ትልልቆቹን አልፋ ትንንሾቹን ታስቀድማለች። እነዚያ የሚበሉት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እሷ ግን እንደ ዛሬ ምሳ ታያቸው ነበር።

ከቤታችን በላይ ተራራ አለ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ራሰ በራ ነበር። ሁሉም ከብቱን እዚያ ይለቃል፣ ሁሉም እንጨቱን ከዚያ ይለቅማል። ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በእኛና በአጎቴ ቤት መካከል ያለውን ቦረቦር በየክረምቱ ያሰፋው ነበር። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቤቱ ከቦረቦሩ ማዶ ነው፤ ከደጃችን ሆነን ስንጠራው ይሰማል።

የአጎቴን የመጀመሪያ ልጅ የወሰዳት ይህ ቦረቦር ነው። ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፤ ትምህርት ቤት አብረን እንሄድ ነበር። የዚያን ቀን እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ዝናቡ የጣለው ተራራው አናት ላይ ነው። እሷ የጠፋባትን ፍየል ልታወጣ ቦረቦሩ ውስጥ ወርዳ ሳለ ጎርፉ ከላይ መጣ። ድምፁን ሰምተን ስንወጣ ቀይ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ሲያልፍ አየን። ያገኟት በታች በኩል፣ የሰው በቆሎ ማሳ ውስጥ ነው። ለቅሶው የተቀመጠው በአጎቴ ደጅ፣ ሣሩ ላይ ነበር። በእኛ አገር ከቤት ፊት ለፊት ሳይታረስ የሚተው ሣር አለ። እንግዳ ሲመጣም፣ ሰው ሲሞትም የሚቀመጡት እዚያ ነው።

የቀበሌው ስብሰባ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዲኤ የምንለው የግብርና ሠራተኛ ቆሞ አስረዳን።

«ዝናቡ ድሮ እንደምታውቁት አይደለም፤» አለ። «ሲቀር ጨርሶ ይቀራል። ሲመጣ ደግሞ የወሩ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ይመጣል። ይህን ለመቋቋም በአገር ደረጃ የወጣ ፖሊሲ አለ። የእኛ ድርሻ ይህ ተራራ ነው።»

ተራራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሆናል አለ። የቀረውን ሁሉ በወላይትኛ ሲናገር ቆይቶ ይህችን ብቻ በአማርኛ አላት።

«ነፃ የሚወጣው ማን አስሮት ነው?» አለች አንዲት ጎረቤታችን፤ ሰው ሳቀ።

አጎቴ አልሳቀም። ተነሥቶ «ዛሬውኑ ይዘጋ» አለ። ጠባቂ ማን ይሁን ሲባልም እጁን ያወጣው እሱ ነው። ማንም ሌላ ሰው እጁን አላወጣም።

ጥቅሙን አልክድም። እናቴ በሴፍቲኔት ሥራ ከሌሎች ሴቶች ጋር እርከኑን ቆፍራለች፤ ዳር ዳሩን ደሾ ሣር ተክላለች። ለሥራው የሚሰጠው እህል ባይኖር ኖሮ ያንን ዓመት እንዴት እንደምናልፈው አላውቅም። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ተራራው ቀለሙን ለወጠ። ቦረቦሩ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ቀነሰ፤ ድንጋይ ማንከባለሉን ተወ። ደርቆ የነበረ ምንጭ ከተራራው ግርጌ ተመልሶ ወጣና ውሃ ለመቅዳት የምንሄድበት መንገድ አጠረ። ትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቦረቦሩን በእግራቸው እየተሻገሩ፣ ውስጡ እየተሯሯጡ ማየት ጀመርን። የአጎቴ ሚስት ግን ልጆቹን ባየች ቁጥር ሥራዋን አቁማ፣ ወዲያ ማዶ እስኪወጡ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

ከብት ያለው ሰው ችግር ግን ያኔ ጀመረ። ተራራ ላይ ይውል የነበረው ሁሉ ከወንዙ አጠገብ ወዳለችው ሜዳ ወረደ። ሜዳዋ ጠባብ ናት። ሣሩ ገና ብቅ ሲል ይነጫል። ተራራው ላይ የሚያድገው ሣር በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ታጭዶ ለየቤቱ እንዲከፋፈል ደንብ ወጥቷል። ላም ግን በዓመት አንዴ አትበላም። ወተቷ ቀነሰ። እናቴ ስለ ወተቱ ምንም አላለችም። እበቱም እያነሰ ሲመጣ ነው ዝም ማለት ያቃታት።

«ቅርጫቱ አይሞላም እንዴ?» ትለኛለች።

«ይኼው ነው፣ እማ።»

«ጥጉን በደንብ ጠርገሻል?»

ጠርጌአለሁ። ታውቃለች።

እንግዶች የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባና ከሶዶ የተውጣጡ ነበሩ፤ ይህ ሥራ ምን እንደጠቀመንና ምን እንደጎዳን ከራሳችን አፍ ለመስማት ነው አሉ። ለተራራው ቅርብ ነው ተብሎ ስብሰባው በአጎቴ ደጅ ሆነ። ሴቶች ለብቻ ተቀመጡ። እኔም ከእናቴ ኋላ ሆንኩ። ከእንግዶቹ አንዷ ወጣት ሴት ነበረች፤ ትሑት ናት፤ እንደኛው መሬት ላይ ተቀመጠች። ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ሁለት ክብ ሠራች። አንዱ ጥቅም፣ ሌላው ጉዳት ነው አለች። ለእያንዳንዷ ሴት ቀይ ቦሎቄ በእፍኝ ሰጠች። ጥቅሙ የሚበዛላት ጥቅም ላይ፣ ጉዳቱ የሚበዛባት ጉዳት ላይ ታብዛ፤ ሁለቱም ያለባት ትከፋፍለው። ዲኤው ተረጎመ።

«ቀቅላ ብታመጣው ኖሮ ቶሎ ይገባን ነበር፤» አለች አንዲት አሮጊት በወላይትኛ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እንግዳዋ አሮጊቷ ምን እንዳለች ስትጠይቅ ዲኤው «ደስ ብሏቸዋል ነው» አላት።

የቤቱ ባለቤት ስለሆነች መጀመሪያ የተነሣችው የአጎቴ ሚስት ናት። ቦሎቄዋን በሙሉ ጥቅም ላይ አስቀመጠችው። አንድም አላስቀረችም። ከዚያ እጇን አራግፋ፣ ለልጇ ለቅሶ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ቦታውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከበሩ በስተግራ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ነው ያኔም የተቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ የተነሣች ሴት ሁሉ ጥቅም ላይ አስቀመጠች። ያቺ አሮጊት ተራራው ሲዘጋ ፍየሎቿን ሸጣ የጨረሰች ናት፤ እሷም ጥቅም ላይ አስቀመጠች። እናቴ ስትነሣ ቀሚሷን ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም። ጎንበስ አለች። ቦሎቄዋን የያዘው እጇ ሁለቱ ክቦች መካከል ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጥቅም ላይ አፈሰሰችው።

ጉዳት የተባለው ክብ ባዶ ቀረ። እንግዳዋ አላመነችም።

«ምንም ጉዳት የለውም? ትንሽም? እናንተ የምትሉት እኮ ነው የሚጻፈው፤ አትፍሩ።»

ዲኤው ተረጎመላቸው። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ።

«የለም፤» አለች እናቴ።

ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶ አነሱት። የአጎቴ ሚስት የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበች፤ በሉ፤ አመስግነው ሄዱ።

ወደ ቤት ስንሄድ ቦረቦሩን እንደተሻገርን «ላማችንስ?» አልኳት።

ቆመች። ብዙ ጊዜ የማትቆጣ ሴት ናት።

«ልጇን በቀበረች ሴት ፊት ላም ልቁጠርባት?» አለችኝ። «ለቅሶዋን በተቀመጥኩበት ሣር ላይ፣ የተራራው መዘጋት ጎድቶኛል ልበላት?»

ዛሬም ቢሆን መልሱ ይኼ እንደሆነ ነው የሚሰማኝ። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የተቀመጠው የእናቴ ቦሎቄ ከእንግዶቹ ጋር ሲሄድ ይህንን ይዞ አልሄደም። እነሱ ያዩት አንድ ሙሉ ክብና አንድ ባዶ ክብ ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ሰብስቦ ሥራችን እንደተወደደ ነገረን። ተፋሰሱ ሞዴል ሆኗል። ኅብረተሰቡ ራሱ ጉዳት የለውም ብሎ ስለመሰከረ፣ ከወንዙ አጠገብ ያለችው ሜዳም ተከልላ ዛፍ ትተከልባታለች።

«እኛ መቼ ጠየቅን?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ሚስቶቻችሁን ጠይቁ፤» አለ ሊቀመንበሩ።

በዚያ ሳምንት ብዙ ቤት ጠብ ነበረ። እኛ ቤት የሚጣላት ወንድ ስለሌለ ጠብ አልነበረም። ሜዳዋ ታጠረች፤ ላሟ ቤት ታሠረች።

ቤት የታሠረች ላም ለማብላት የማንሞክረው ነገር አልነበረም። እናቴ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የሙዝ ግንድ ትሰጣታለች። እኔ ከመንገድ ዳር ሣር በማጭድ እየቧጠጥኩ አመጣለሁ፤ የመንገዱ ዳር ደግሞ የሁሉም ሆኗል። የዚያ ዓመት በልግ ቀረ። ሐረጉም አገዳውም ሲያልቅ እናቴ የእንሰቱን ቅጠል መቁረጥ ጀመረች። ቅጠል ሲበዛ የተቆረጠበት እንሰት ይደክማል። ለእንሰቱ ብላ የምታኖራትን ላም በእንሰቱ ማኖር እንደጀመረች ታውቅ ነበር። ማታ ማታ ቢላውን ይዛ ጓሮ ስትገባ እንዳልከተላት ትነግረኛለች።

የላሟ ባለቤት በአንድ የገበያ ቀን መጣች። ጥላ ይዛ፣ ደጅ ላይ ቆማ ላሟን አስወጥታ አየች። ጎኗን በእጇ ዳሰሰች።

«ምነው፣ አጥንት ብቻ አደረጋችኋት እኮ።»

«እትዬ፣ ሣር ጠፍቶ ነው። ሜዳውም ተዘጋ፤» አለች እናቴ።

«እኔም ሰምቻለሁ። ሌላው ቤት ያለችው ላሜ ግን እንዲህ አልሆነችም።»

«እነሱ የራሳቸው የሣር መሬት አላቸው፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ትንሽ አሰበች። «እስከ መስቀል ልተዋት፤» አለች። «ካላገገመች እወስዳታለሁ። አንቺም በኋላ አትቀየሚኝ።»

እናቴ ሁለት እጇን አጣምራ አመሰገነቻት።

መስቀል ሳይደርስ በአንድ ጉም ባለበት ጠዋት እናቴ ቀሰቀሰችኝ። «ከኋላ እየነዳሽ ነይ» አለችኝ። ላሟን በገመድ እየሳበች በቦረቦሩ በኩል ወደ ላይ ወጣን። ተራራው ከተዘጋ ጀምሮ አልወጣሁበትም ነበር። ሣሩ ጉልበቴን አልፎ ነበር፤ ጤዛው ቀሚሴን አራሰው። ላሟ አንገቷን ደፍታ ስትነጭ የሚሰማው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ጎልቶ ይሰማል። እናቴ ቀና አላለችም። የላሟን አፍ ነበር የምታየው።

አጎቴ ከጉሙ ውስጥ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሲያየን ቆመ። እሱም እንደ እኛ የደነገጠ መሰለኝ።

«እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሆዷ እስኪሞላ ብቻ። ማንም አላየንም።»

«እኔ አየሁ።»

«አንተ ወንድሜ ነህ።»

«ነገ ሌላው ሲያመጣ ምን ብዬ ልመልሰው? እህቴን አሳለፍኩ፣ አንተን አላሳልፍም ልበለው?»

«ሌላው የእናትህ ልጅ አይደለም።»

ዝቅ ባለ ድምፅ «ያቺም የእናታችን የልጅ ልጅ ነበረች» አለ።

ገመዱን ከእናቴ እጅ ወሰደ፤ አልተናነቀችውም። ላሟ መሄድ አልፈለገችም፤ አፏ ሣር እንደሞላ እየሳበ ወደ ቀበሌው ወሰዳት። እኛ ከኋላው በርቀት ወረድን። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆሞ፣ ዞር ሳይል፣ ከመንገዱ ዳር እንድትነጭ ገመዱን ለቀቅ አደረገላት።

ቅጣቱን ከፍላ ላሟን ያስፈታችው ባለቤቷ ናት። እዚያው ከቀበሌው ደጅ ወደ ጉኑኖ ነዳቻት። እናቴን አልተሳደበችም። «ምን ላድርግ» አለች።

ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ጠዋት የሚጠረግ ጥግ አልነበረም። እናቴ የምድጃ አመድ፣ የቆሻሻ ጥራጊ፣ የጎደሬ ልጣጭ እየወሰደች እንሰቱ ሥር ታደርጋለች። በቂ አልነበረም። ክፉው ወር ሲመጣ የደረሱት አልቀው ገና ያልደረሱትን መቁረጥ ጀመረች። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ሶዶ ሰው ቤት ሥራ ገባሁ። የቤቱ ጌታ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አያቱ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው። ጨዋ ቤተሰብ ነው። አማርኛ መጻፍን ያደላደልኩት ልጆቹ የጨረሱትን መጽሐፍ ማታ እያነበብኩ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር ስለ ተፋሰስ ሥራው ሲያወራ ሰማሁት። የአየር ንብረት ለውጡን ለመቋቋም የወጣው ወጪና የተገኘው ጥቅም መመዘን አለበት ይላል ባልደረባው።

«ተመዝኗል እኮ፤» አለው የቤቱ ጌታ። «አፈሩ ተመልሷል፣ ምንጩ ፈልቋል። ገበሬው ራሱ መስክሯል።»

ውሃ እየቀዳሁላቸው ነበር። እውነቱን ነው፤ ምንጩ ፈልቋል፣ እኔም ከእሱ ጠጥቻለሁ። ጎርፉ አሁን ሰው አይወስድም። እናቴና ያቺ አሮጊት ምን እንደከፈሉበት ግን ምዘናው ውስጥ አልገባም፤ ያልገባውም እኛው የለም ስላልን ነው። ይህን እንዴት አድርጌ በአንድ አፍ እንደምናገረው አላወቅሁም። ማሰሮውን ይዤ ወጣሁ።

ባለፈው መስቀል ቤት ሄጄ ነበር። ተራራው አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። የሣር ማጨጃው ቀን አልፎ ለየቤቱ ተከፋፍሏል። አጎቴ የእናቴን ድርሻ ራሱ ተሸክሞ አመጣ። ደጃችን ሣሩ ላይ አራገፈውና ላቡን ጠረገ።

«ድርሻሽ ነው፤» አላት። «ብትሸጪውም ይገዙሻል።»

እናቴ ሣሩን አየችው። ረጅም ነው፤ መልካም ሣር ነው።

«እንሰቱ ሥር ባነጥፈው ምን ይሆናል?» አለችው።

«ይበሰብሳል። ትንሽ ይጠቅማል።»

«በላም ሆድ ያላለፈ ሣር እበት አይሆንም፤» አለች።

አጎቴ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ ጓሮው አዩ። እዚያ የቀረው የገረጣና የቀጠነ እንሰት ነው፤ በመካከሉ ሰማይ ይታያል። እኔ ልጅ ሳለሁ ፀሐይ አያስገባም ነበር።

«ከችግኝ ጣቢያው የግራቪሊያ ዛፍ አመጣልሻለሁ፤» አላት በመጨረሻ። «እሱ እበት አይጠይቅም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአጣና ትሸጪዋለሽ።»

«አምጣ» አለችው እናቴ።

በማግስቱ አመጣ። ሦስታችንም ቆፈርን። የመጨረሻዎቹን እንሰቶች እናቴ ራሷ ነቀለቻቸው፤ ማንም እንዲነካቸው አልፈለገችም። በየቦታቸው ችግኙን አስገባን፤ አፈሩን በእጃችን ጠቅጠቅ አደረግነው። አጎቴ ሥራውን ጨርሶ ወደ ተራራው ከሄደ በኋላ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቀረን።

«እማ፣ በልግ ቢቀር ምን ትበያለሽ?» አልኳት።

እጇን በቅጠል እየጠረገች ነበር። አላየችኝም።

«አንቺ አለሽ፤» አለች።

ከሰዓት በኋላ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሶዶ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።